ዊንዶውስ ማሻሻያ ጭኖ አልነሳ ሲል ከፎርማት በፊት የሚደረጉ ነገሮች

ወርኃዊ ማሻሻያ ከጫነ በኋላ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ነው። ለጠጋኙ ፎርማት አጭርና ውጤቱ የታወቀ መንገድ ነው፤ ለባለቤቱ ግን ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠውን ሰነድ፣ የዓመታት ፎቶግራፉንና የሒሳብ ፕሮግራሙን መዝገብ ሊያሳጣው የሚችል እርምጃ ነው። ከማሻሻያ ጋር በተያያዘ ብልሽት ፎርማት ግድ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ዊንዶውስ ከዋናው ሥርዓት ተለይቶ የተቀመጠ የራሱ የመጠገኛ ክፍል ስላለው፣ ዋናው ሥርዓት ባይነሳም እንኳ መጨረሻ ላይ የተጫነውን ማሻሻያ ከዚያ ሆኖ መንቀል ይቻላል። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ ለዊንዶውስ 10 እና ለዊንዶውስ 11 የሚያገለግል ሲሆን፣ ፋይል ከማይነካው እርምጃ ተነስቶ ፋይል ወደሚነካው ይሄዳል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል።

በእርግጥ ቆሟል ወይ?

ስክሪኑ ላይ የሚታየው መቶኛ ለረጅም ጊዜ ባለበት መቆየቱ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። በተለይ ኤስኤስዲ በሌለው፣ በሚሽከረከረው የቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ አንድ ማሻሻያ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ ወይም ዲስኩ ሲሠራ የሚሰማ ከሆነ መጠበቅ ነው። ማሻሻያው እንዳልተሳካና ለውጦቹ እየተመለሱ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ መታገሥ ይገባል፤ ዊንዶውስ ራሱን ወደነበረበት እየመለሰ ባለበት ሰዓት ኃይል ማቋረጥ ቀላሉን ችግር ያከብደዋል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ይሰካ። ዴስክቶፕ ከሆነና አካባቢው መብራት የሚቆራረጥበት ከሆነ፣ ዩፒኤስ በሌለበት ማሻሻያ እንዲጫን አለመፍቀድ የተሻለ ነው፤ በእኛ አገር ማሻሻያው አበላሸው ከሚባሉት ኮምፒውተሮች መካከል በመሐል መብራት የሄደባቸው እንደሚኖሩ መገመት አያስቸግርም። ለሦስት ሰዓት ያህል መቶኛው ሳይንቀሳቀስ፣ የዲስኩም መብራት ጭራሽ ሳይበራ ከቆየ ግን የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማጥፋትና እንደገና ማብራት ይቻላል።

ከዚያም ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይንቀሉ፤ ፍላሽ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ፕሪንተር፣ የስልክ ገመድ። ኮምፒውተሩ ተሰክቶ በተረሳ ፍላሽ ለመነሳት እየሞከረ ሳለ «ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት ማምጣቱ የተለመደ ነው፤ መፍትሔውም ፍላሹን ማውጣት ብቻ ነው።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የማውዙ ቀስት ብቻ የሚታይ ከሆነ ዊንዶውስ ተነስቷል፤ የተሳነው ማሳየት ነው። በዚህ ጊዜ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የቢን ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ፤ ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስን ከስክሪን ካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ እንደገና ያስነሳዋል። ካልሠራ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ተጭነው ታስክ ማኔጀርን መክፈት ይቻል እንደሆነ ይሞክሩ።

የይለፍ ቃሉ «ትክክል አይደለም» ከተባለ ደግሞ ከመደንገጥ በፊት በመግቢያው ገጽ ታችኛ ቀኝ ጥግ ላይ የሚታየውን የቋንቋ ምልክት ማየት ይበጃል። በኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የተጫነ ከሆነና ከማሻሻያው በኋላ የመግቢያው ገጽ አማርኛውን ይዞ ከተነሳ፣ የሚተየበው ፊደል በነጥብ ስለሚሸፈን ባለቤቱ ስሕተቱን አያየውም። በምልክቱ ላይ ጠቅ አድርጎ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይበቃል።

ጥፋቱ የማሻሻያው ነው ወይስ የሌላ?

ማይክሮሶፍት ዋናውን ማሻሻያ የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይውላል። ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት የሚሰማው አቤቱታም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም ከማሻሻያው በኋላ የመጣ ብልሽት ሁሉ በማሻሻያው ምክንያት የመጣ አይደለም። «ፋስት ስታርትአፕ» የተባለው አሠራር በበራበት ኮምፒውተር ላይ «ሻት ዳውን» ሲደረግ ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ከፊሉ ዲስክ ላይ ተቀምጦ በማግሥቱ ከዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ ለወራት ሪስታርት ያልተደረገ ኮምፒውተር ከዜሮ የሚነሳው ማሻሻያው ሲያስገድደው ነው፤ ሲዳከም የቆየ ሃርድ ዲስክም ሆነ ከተጫነ የሰነበተ ችግረኛ ድራይቨር ያን ቀን ይጋለጣል። ከማሻሻያው በፊት ባሉት ሳምንታት ፋይል ሲከፈት መንቀራፈፍ፣ ከዲስኩ የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ ወይም ድንገተኛ መጥፋት ታይቶ ከነበረ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዲስኩ ነው፤ በዚህ ጊዜ ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር ዲስኩን ይበልጥ ስለሚያደክመው፣ በቀጥታ ከታች ወደተገለጸው ፋይል የማውጣት ሥራ መሻገር ይገባል።

ጥፋቱ በእርግጥ የማሻሻያው የሆነባቸው አጋጣሚዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የተለቀቀው የዊንዶውስ 10 ትልቅ ማሻሻያ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይሎች በማጥፋቱ ማይክሮሶፍት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሞ በኖቬምበር እንደገና ለቆታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ስክሪን የቆሙት በዊንዶውስ ማሻሻያ ሳይሆን ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ለራሱ ፕሮግራም በላከው የተበላሸ ፋይል ነበር፤ ፈውሱም በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ክፍሎቹ ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ገብቶ አንዲቱን ፋይል መሰረዝ ነበር። ማሻሻያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የዊንዶውስን ብቻ ቢሆንም ጸረ ቫይረሱም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩም የየራሳቸው ማሻሻያ አላቸው።

ሌላም የሚለይ ጉዳይ አለ። በይፋ ዊንዶውስ 11ን የማይደግፍ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ገደቡ ታልፎ ከተጫነ፣ 24ኤች2 የተባለው እትም ከኮር ቱ ዱዎ ዘመን ባሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ፈጽሞ አይነሳም፤ እትሙ የሚጠይቀውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስለማያውቁት ነው። እዚህ ላይ የሚደረግ ጥገና የለም፤ ወደ ቀድሞው እትም መመለስ ብቻ ነው።

ወደ መጠገኛው ክፍል መግባት

ዊንዶውስ በተከታታይ መነሳት ሲያቅተው የመጠገኛውን ክፍል በራሱ ይከፍታል። ካልከፈተ ማስገደድ ይቻላል። ኮምፒውተሩን ያብሩ፤ የአምራቹ ምልክት ታይቶ ትንንሽ ነጥቦች መሽከርከር እንደጀመሩ የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ተጭነው ያጥፉት፤ ይህንኑ አንድ ጊዜ ይድገሙት። በሦስተኛው ሲያበሩ በአብዛኛው ሰማያዊው የምርጫ ገጽ ይመጣል። ማሻሻያው አሁንም በመጫን ላይ ከሆነ ግን ይህ አይደረግ። የመግቢያው ገጽ ድረስ የሚደርስ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ሺፍትን ተጭኖ ይዞ «ሪስታርት» የሚለውን መምረጥ ወደዚያው ያደርሳል።

በገጹ ላይ «ትራብልሹት» ከዚያም «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ሲመረጥ መሣሪያዎቹ ሁሉ ይገኛሉ። ኪቦርዱና ማውዙ እዚህ ገጽ ላይ ብቻ አልሠራ ካሉ ተበላሽተው ላይሆን ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የወጣው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ የዩኤስቢ ኪቦርድና ማውዝ በመጠገኛው ክፍል ውስጥ እንዳይሠሩ አድርጎ ነበርና፣ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ኦክቶበር 20 ቀን በተለየ ሁኔታ ለቋል። መጠገኛውን ራሱን የሚያሰናክል ማሻሻያ ከሌላው ሁሉ የባሰ ነው። በዚህ የተያዘ ኮምፒውተር ተች ስክሪን ካለው በጣት፣ የድሮው ክብ መሰኪያ ካለው ደግሞ በድሮው ኪቦርድ ሊታዘዝ ይችላል፤ ሁለቱም ከሌሉ በሌላ ኮምፒውተር በተዘጋጀ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አስነስቶ «ሪፔር» የሚለውን መምረጥ ነው።

ስለ ቢትሎከር ቁልፍ

ብዙ ሰው የሚደናገጠው የ48 አሃዝ ቁልፍ የሚጠይቅ ሰማያዊ ገጽ ሲያይ ነው። ይህ ቫይረስ አይደለም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ማጭበርበሪያም አይደለም። ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መቆለፊያ በኮምፒውተሩ አነሳስ ላይ ያልጠበቀው ለውጥ ሲያይ ባለቤቱን ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የጁላይ 2024 ማሻሻያም በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ይህንኑ ገጽ አምጥቶ ነበር። በዊንዶውስ 11 24ኤች2 ላይ አዲስ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ መቆለፊያው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በራሱ ስለሚበራ፣ ባለቤቱ መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ቁልፉ በአብዛኛው የሚገኘው ኮምፒውተሩ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። በስልክ ወደ አካውንቱ ገብቶ በመሣሪያዎች ዝርዝር ሥር የኮምፒውተሩን ስም መፈለግና በስክሪኑ ላይ ያለው የቁልፍ መለያ ከአካውንቱ ካለው ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ቁልፉ የሚጠየቀው ከመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍል ነው። እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ የሚያጋጥም አንድ ውስብስብ ነገር አለ፤ ላፕቶፑ ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ ወይም ሻጩ ከፍቶ ያዘጋጀው ከሆነ ቁልፉ የሚገኘው በላኪው ወይም በሻጩ አካውንት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ የራሱን አካውንት አይቶ ቁልፍ የለም ብሎ ከመደምደሙ በፊት ላኪውን ደውሎ ይጠይቅ። ቁልፉ ከሁሉም ዘንድ ከታጣ ዲስኩ ላይ ያለውን መረጃ ማንም ጠጋኝ ሊያወጣው አይችልም፤ «በገንዘብ አወጣዋለሁ» የሚል ሰው ከመጣም አይመኑት።

ማሻሻያውን መንቀል

በ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ መጀመሪያ የሚሞከረው «ስታርትአፕ ሪፔር» ነው፤ ፋይል አይነካም፣ ጊዜም ብዙ አይወስድም፤ ነገር ግን ሳይሳካለት ሲቀር «ሊጠገን አልቻለም» ከማለት ያለፈ ስለማይነግር ብዙ ተስፋ አይጣልበት። ቁም ነገሩ ያለው «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ላይ ነው። እዚያ ሁለት ምርጫዎች ይቀርባሉ። «ኳሊቲ አፕዴት» የተባለው በየወሩ የሚመጣው መደበኛ ማሻሻያ ነው፤ «ፊቸር አፕዴት» የተባለው ደግሞ እንደ 24ኤች2 ያለው፣ እትሙን የሚቀይረው ትልቁ ማሻሻያ ነው። ችግሩ የመጣው በየትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ወርኃዊውን አስቀድሞ መንቀል ይሻላል፤ ትልቁን መንቀል ረጅም ጊዜ የሚወስድ ከመሆኑም ሌላ የሚፈቀደው ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ የቀድሞውን እትም የያዘውን ፎልደር ይሰርዘዋል። ለዚህ ነው ኮምፒውተሩን «በሌላ ቀን አሳየዋለሁ» ብሎ ጥግ ላይ ማስቀመጥ የማይመከረው።

መንቀሉ አልሳካ ካለ አንዱ ምክንያት ማሻሻያው በግማሽ ተጭኖ መቆሙ ነው። ይህን በግማሽ የቀረ ሥራ በኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) በኩል የሚሰርዝ «ሪቨርት ፔንዲንግ አክሽንስ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ ረጅምና ለስሕተት የተጋለጠ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም፤ ሆኖም ኮምፒውተሩ ለጠጋኝ የሚሰጥ ከሆነ ከፎርማት በፊት ይህ ትእዛዝ ተሞክሮ እንደሆነ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው፤ ከመልሱም የጠጋኙ እውቀት ይታወቃል።

«ሲስተም ሪስቶር» በበራበት ኮምፒውተር ላይ ከማሻሻያው በፊት ወደተቀመጠ ነጥብ መመለስም ይቻላል። የግል ፋይሎችን አይነካም፤ ከዚያ ነጥብ ወዲህ የተጫኑ ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች ግን ይወገዳሉ። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ጠፍቶ ስለሚገኝ «ምንም የተቀመጠ ነጥብ የለም» ቢል አይግረምዎ።

ቀጥሎ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ተመርጦ ሪስታርት ከተደረገ በኋላ 4 ቁጥርን መጫን በሴፍ ሞድ፣ 5 ቁጥርን መጫን ደግሞ ኢንተርኔት ባለው ሴፍ ሞድ ያስነሳል። ኮምፒውተሩ በሴፍ ሞድ በደኅና ከተነሳ የዊንዶውስ መሠረት ጤነኛ ነው፤ ጥፋተኛው ድራይቨር ወይም ጸረ ቫይረስን የመሰለ አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ነው ማለት ነው። ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍተው በግራፊክስ ካርዱ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ይሞክሩ፤ በቅርብ የተጫነ ጸረ ቫይረስ ካለም ያውጡት።

ፋይሎቹን ማውጣት

እስከዚህ ያለው ሁሉ ካልረዳ የሚቀጥለው እርምጃ ፋይሎችን ማዳን ነው እንጂ ሌላ ሙከራ አይደለም። ያልተለመደ ቢመስልም መንገዱ ቀላል ነው። በመጠገኛው ክፍል ውስጥ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚለውን ከፍተው ኖትፓድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ። የተለመደው የጽሑፍ መስኮት ይከፈታል። ከዚያ «ፋይል» ቀጥሎም «ኦፕን» ብለው፣ ከታች ያለውን የፋይል ዓይነት ምርጫ ወደ «ኦል ፋይልስ» ይቀይሩት። አሁን የኮምፒውተሩን ዲስኮች ሁሉ ማሰስ ይቻላል። የተጠቃሚውን ፎልደር ፈልገው «ዴስክቶፕ» እና «ዶክዩመንትስ» የሚሉትን በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ኮፒ አድርገው በተሰካው ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ይለጥፏቸው። የዲስኮቹ ፊደል ከወትሮው ሊለይ ስለሚችል ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ቢገኝ አያሳስብም። ቅጂው ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳይ መስኮት ላይኖር ስለሚችልም በአንድ ጊዜ ብዙ አለመጫንና እስኪያበቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ፋይሉ ብዙ ከሆነ ግን ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ (ከዊንዶውስ የተለየ ነጻ ሥርዓት) በፍላሽ አዘጋጅቶ ሳይጭኑ በማስነሳት መቅዳት ይሻላል። ከፍላሽ ለማስነሳት ኮምፒውተሩ ሲበራ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12ን፣ በኤችፒ ኤፍ9ን ደጋግሞ መጫን በአብዛኛው ይሠራል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ በዚህም መንገድ ቁልፉ ይጠየቃል።

ፋይሉ በእጅ ከገባ በኋላ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለውን መጠቀም ይቻላል። ከሚቀርቡት ሁለት ምርጫዎች «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የግል ፋይሎችን ትቶ ፕሮግራሞችን ያስወግዳል፤ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ሁሉንም ይጠርጋል። ቀጥሎ ከኢንተርኔት ይውረድ ወይስ ከኮምፒውተሩ ይወሰድ ብሎ ይጠይቃል። ከኢንተርኔት የሚወርደው 4 ጊጋባይት ገደማ የሚፈጅ በመሆኑ የሞባይል ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ከኮምፒውተሩ መውሰዱ ይመረጣል፤ ነገር ግን የኮምፒውተሩ የራሱ ፋይሎች ተበላሽተው ከሆነ ይህኛው ሊከሽፍ ይችላል።

ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ

ማሻሻያው ተነቅሎ ኮምፒውተሩ ከተነሳ ሥራው አላበቃም፤ ዊንዶውስ ያንኑ ማሻሻያ በማግሥቱ መልሶ ሊጭነው ይችላል። በቅድሚያ ገና ያልተቀዳ ፋይል ካለ ይቅዱ። ቀጥሎ በሴቲንግስ ውስጥ ወደ «ዊንዶውስ አፕዴት» ገብተው «ፖዝ አፕዴትስ» በሚለው ማሻሻያውን እስከ አምስት ሳምንት ያቁሙት። እዚያው የማሻሻያ ታሪክ ውስጥ ኬቢ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚታየውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ሌሎችም በዚያ ማሻሻያ ተቸግረው እንደሆነና ማይክሮሶፍት ችግሩን አምኖ እንደሆነ በኢንተርኔት ለመፈለግ የሚያገለግለው ይህ ቁጥር ነው። የሲ ዲስክ ክፍት ቦታም ይታይ፤ 20 ጊጋባይት ያህል ነጻ ካልሆነ የሚቀጥለውም ማሻሻያ መሐል መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል።

ኮምፒውተሩ ቢነሳም እየተንገዳገደ ከሆነ በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ «ሪከቨሪ» በሚለው ሥር «ፊክስ ፕሮብለምስ ዩዚንግ ዊንዶውስ አፕዴት» የሚል አማራጭ ይገኛል፤ ፋይልም ፕሮግራምም ሳይነካ ያለውን እትም እንደ አዲስ ደርቦ ይጭናል። በዊንዶውስ 10 ላይ ይህ ስለሌለ መጫኛውን ከፍላሽ ላይ፣ ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ በመክፈትና ፋይልና ፕሮግራም እንዲቀመጡ በመምረጥ ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ማሻሻያ የሚደርሰው በተራዘመው ፕሮግራም ለተመዘገበ ኮምፒውተር ነው፤ ለግል ተጠቃሚዎችም መጀመሪያ የተቀመጠው የጊዜ ገደብ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ማሻሻያውን ለዘለዓለም መዝጋት አልመክርም፤ አያስፈልግምም። ወርኃዊው ማሻሻያ ያለፉትን ሁሉ አጠቃልሎ የሚመጣ በመሆኑ፣ የተዘለለው ወር ጥገና በሚቀጥለው ወር ውስጥ ይካተታል። ስለዚህ የቆመው ጊዜ ሲያበቃ ቻርጀሩን ሰክቶ፣ የቢትሎከሩን ቁልፍ በወረቀት ጽፎ ከኮምፒውተሩ ውጪ አስቀምጦ፣ በማግሥቱ አስቸኳይ ሥራ በሌለበት ምሽት መጫን ነው።